በማይስማማው ሰው ጋዜጣ ላይ 22 ዓመት፦ ዴቪድ ሎው ነጻነቱን በምን አስጠበቀ?

ጠያቂ፦ የታሪክ መምህር

ውድ ተሳታፊዎች፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረው ዘመን ሳስተምር ከየትኛውም ምዕራፍ ይልቅ ተማሪዎቼን የሚያነቃቃቸው አንድ የጋዜጣ ካርቱን ነው። ሂትለርና ስታሊን ኮፍያቸውን አንስተው አንዱ ለሌላው እጅ ሲነሳ፣ በመካከላቸው የአንድ ሰው ሬሳ ተዘርሮ ይታያል። ሂትለር «የምድር አተላ እርስዎ ነዎት መሰለኝ?» ይላል፤ ስታሊንም «ደም አፍሳሹ የሠራተኞች ገዳይ እርስዎ ይመስሉኛል?» ሲል ይመልሳል። ሥዕሉ በለንደኑ ኢቪኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ የወጣው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሠዓሊው የኒውዚላንድ ተወላጁ ዴቪድ ሎው ነው። አንቱታው በአማርኛ ሲነበብ ምን ያህል እንደሚያምር ተማሪዎቼ ናቸው የነገሩኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ተማሪ ያነሳው ጥያቄ መልስ አሳጣኝ። የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ የወግ አጥባቂው ወገን ሰው እንደነበር፣ ብሪታንያም ከአውሮፓ ጉዳይ እጇን እንድትሰበስብ አጥብቆ ይከራከር እንደነበር ነግሬያቸው ነበር። ልጁ ታዲያ «ጋዜጣው የእሱ ከሆነ፣ የሚቃወመውን ሰው ለምን አያባርረውም ነበር?» አለኝ። በጊዜው የሰጠሁት መልስ «ውል ነበረው» የሚል ነበር፤ ነገር ግን መልሱ ለራሴም አላረካኝም። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ብቻውን አንድን ሠዓሊ ከባለ ጸጋ አሳታሚ ጋር ለ22 ዓመት ሊያቆየው ይችላልን? የሰውየውን ሕይወትና ሥራ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በተጨማሪም፣ ሎው ስለ ጣልያን ወረራ ምን እንደሣለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦ የቀለም ጠብታ

የተከበሩ መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ የሎውን ሕይወት እምብርት የነካ ስለሆነ በዝርዝር ብመልስ ይቅርታ እንደሚያደርጉልኝ ተስፋ አለኝ።

ውሉ በእርግጥ ነበር፤ ሆኖም ሎው እንዲህ ያለ ውል ለመጠየቅ የሚያስችል አቅም ከየት አገኘ የሚለው መቅደም ያለበት ይመስለኛል። የተወለደው በ1891 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ ነው። ታላቅ ወንድሙ በልጅነቱ ሲሞት፣ ወላጆቹ ልጃችንን ያዳከመው የትምህርት ብዛት ነው ብለው ስላመኑ ዴቪድን ከትምህርት ቤት አስቀሩት። ሥዕልን ያስተማረው መምህር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በእጁ የገቡትን የእንግሊዝ መጽሔቶች እያየ፣ በተለይም በጥቂት መስመር ብዙ መናገር የሚችለውን የፊል ሜይን ሥራ እያጠና ራሱን አስተማረ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ የላከው ሥዕል በአንድ የእንግሊዝ የልጆች መጽሔት ላይ ታተመለት። በጉርምስና ዕድሜው በክራይስትቸርች ጋዜጦች ላይ ይሥል ነበር፤ በ1911 ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ የሲድኒው ቡለቲን መጽሔት ባልደረባ ሆነ።

ቡለቲን በዚያን ጊዜ የጥቁርና ነጭ ሥዕል ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ሎው የፖለቲካ ሰውን ፊት እንደ ፊደል መጻፍ የለመደው በዚያ ነው፤ ዋነኛ መለማመጃው የሆነውም የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ሂውዝ ነበር። ሂውዝ አጭርና ቁጡ፣ ድምፁም ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበርና ሎው ደጋግሞ ሣለው፤ እነዚያ ሥዕሎች ተሰብስበው በ1918 በመጽሐፍ ሲወጡ በአውስትራሊያ ከፍተኛ ተወዳጅነት አገኙ፤ ቅጂው ለንደን ደርሶም ሠዓሊውን አስተዋወቀ። በዚህ ምክንያት የቸኮላት ፋብሪካ ባለቤት የሆነው የካድበሪ ቤተሰብ ለሚያሳትመው ስታር ለተባለው የማታ ጋዜጣ ተፈልጎ በ1919 ለንደን ገባ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ሎው ለንደን ሲደርስ ሥራ ፈላጊ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ዕድሜው 28 ሲሆን፣ በሁለት አገሮች የተፈተነና ስም ያተረፈ ባለሙያ ነበር። በተጨማሪም የእንግሊዝ የመደብ ሥርዓት ውጤት አልነበረም፤ ለጌቶች ጎንበስ ማለትን ማንም በልጅነቱ አላስለመደውም። ስታር ላይ ሳለ የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር የሎይድ ጆርጅን ጥምር መንግሥት ሁለት ጭንቅላት ባለው አህያ መሰለው። አንደኛው ጭንቅላት በፊት፣ ሌላኛው በኋላ ስለሆነ አህያው ወደየትም መራመድ አይችልም። አንባቢው የጥምር መንግሥትን ችግር ከአሥር ርዕሰ አንቀጽ ይልቅ ከዚህ አህያ ተረዳ።

ቢቨርብሩክ ሎውን ወደ ራሱ ጋዜጣ ለማምጣት ለበርካታ ዓመታት ለመነው። ሎው የሰውየውን ፖለቲካ ስለሚያውቅ ሲያመነታ ቆይቶ በ1927 ሲስማማ፣ የርዕሰ ጉዳይ ምርጫም ሆነ አሣሣል የእሱ ብቻ እንደሚሆን፣ የሚያምንበትንም የፖለቲካ አቋም በሥዕሉ መግለጽ እንደሚችል በውሉ ላይ አስጻፈ። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ለተማሪዎ የሰጡት መልስ ስሕተት አልነበረም። ውሉን የጠበቀው ግን በሁለቱም በኩል የነበረ ጥቅም ነው። ቢቨርብሩክ ጋዜጣ ሻጭ ነበር፤ ሎውን የሚጠላው ወግ አጥባቂ አንባቢ ሳይቀር ዛሬ ምን ሣለ ብሎ ገጹን ይገልጥ ነበር፤ ተናድዶ የጻፈው ደብዳቤም በጋዜጣው ላይ ይወጣል፤ ያም ራሱ ሌላ አንባቢ ይስባል። በሌላ በኩል የሎው ሥዕሎች በበርካታ አገሮች ጋዜጦች ላይ በክፍያ ይታተሙ ስለነበር፣ ቢባረር በማግስቱ ሌላ በር እንደሚከፈትለት ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሎው ቢቨርብሩክን ራሱን ሳይቀር እንደ ድንክ አሳንሶ፣ ሰፊ ፈገግታ ሰጥቶ በሥዕሎቹ ውስጥ ያስገባው ነበር፤ ሥዕሎቹም ታትመዋል።

መልስ 2፦ ሰሎሜ ከካንተርበሪ

«የቀለም ጠብታ» ላቀረቡት ትንታኔ ምስጋና ይገባዎታል። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ልለይ እወዳለሁ፤ ከገለጻዎ የሚታየው ሎው ማንም ሳይነካው የሣለ ሰው ይመስላል። እውነቱ ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ ለተማሪዎችም መነገር ያለበት ይህ የተወሳሰበው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ጋዜጣው ሳያትማቸው የቀሩ የሎው ሥዕሎች ነበሩ። ውሉ ሎው የማያምንበትን እንዳይሥል ይጠብቀዋል፤ አዘጋጁ የተሣለውን ሁሉ እንዲያትም ግን በተግባር አላስገደደም። ከ22 ዓመት ሥራ አንጻር ሲታይ ያልታተሙት ጥቂት ናቸው። ይሁንና አልነበሩም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ የ1937 ታሪክ ነው። የናዚ መንግሥት ሥልጣን ከያዘበት ከ1933 ጀምሮ የሎው ሥዕል ያለበት ጋዜጣ ጀርመን እንዳይገባ ታግዶ ነበር። በኖቬምበር 1937 ሎርድ ሃሊፋክስ፣ ገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይሆን፣ ጀርመንን ጎብኝቶ ከናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ከጎብልስ ጋር ሲነጋገር ጎብልስ ስለ እንግሊዝ ጋዜጦች፣ በተለይም ስለ ካርቱኖቹ አምርሮ አቤት አለ። ሃሊፋክስ ለንደን ሲመለስ የኢቪኒንግ ስታንዳርድን ሥራ አስኪያጅ አነጋገረ፤ ሥራ አስኪያጁም ከሎው ጋር በምሳ ግብዣ አገናኛቸው። በዚያ ገበታ ላይ ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ትእዛዝም አልነበረም። አንድ የተከበረ ባለሥልጣን ለአንድ ሠዓሊ፣ ሥዕሎችህ ሂትለርን በግል እያስቆጡት ስለሆነ ሰላም ለማምጣት የምናደርገውን ጥረት ያሰናክላሉ ብሎ በትሕትና ነገረው። በዚህም ሎው ለዘብ ለማለት ተስማማ።

በዚያው ዓመት «ሂት እና መስ» በሚል ርዕስ ሂትለርንና ሙሶሊኒን በስም እየጠራ የሚያፌዝባቸው ተከታታይ ሥዕል ጀምሮ ነበር፤ እሱን ተወና በምትኩ የሁለቱን መልክ ያቀላቀለ «መዝለር» የተባለ ስም የለሽ አምባገነን ፈጠረ። መዝለር ግን ብዙ አልቆየም። በማርች 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ፣ ዝምታው ምንም እንዳላዳነ ለሎው ግልጽ ሆነለትና ሂትለርን በገዛ ፊቱ ወደ መሣል ተመለሰ።

ውል ሠዓሊውን ከባለቤቱ ይጠብቀዋል። ከራሱ ኅሊና ጋር አያይዞ የሚመጣበትን ጨዋ ልመና ግን ውል አይመክትም፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ለጦርነት ምክንያት ሆነ መባልን አይፈልግም። ሎው በዚያ ምሳ ላይ የሰጠውን ቃል በሽንፈት መዝገብ ላይ ብቻ ማስፈር አይገባንም ባይ ነኝ፤ በቅን ልቦና የተደረገ ነበር፤ የተሳሳተ መሆኑን ሲያይም በአራት ወር ውስጥ አርሞታል። ሆኖም መምህር «ውል ነበረው» ብለው ሲያስተምሩ ይህን የምሳ ገበታ ቢጨምሩበት ልጆቹ ነጻነት የሚሸረሸረው በቁጣ ብቻ እንዳልሆነ ያስተውላሉ።

መልስ 3፦ ብሩሽና ቀለም

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በሙያው ውስጥ ያለፍሁ ሰው ነኝ፤ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ሳምንታዊ ጋዜጦች በአንዱ ላይ ለጥቂት ዓመታት ካርቱን ሥያለሁ። ሎውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጠረጴዛው ጎን ሆኜ ነው የማየው፤ ስለዚህ ከላይ ስላልተነሳ አንድ ጉዳይ ልናገር።

የሎው ውል በሳምንት አራት ካርቱን፣ እያንዳንዱም በግማሽ ገጽ ስፋት እንዲወጣ ያደርግ ነበር። ለአንባቢ ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ለሠዓሊ ግን የነጻነቱ ግማሽ ነው። እኔ በሠራሁበት ጋዜጣ ማንም ሰው «ይህን አትሣል» ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሩብ ገጽ ተሰጥቶኝ ነበር። የባለቤቱ ወዳጆች የሆኑ ሰዎች በሥዕሎቼ ማኩረፍ ሲጀምሩ ቦታዬ ወደ ሁለት ዓምድ ጠበበ፤ ቀጥሎ ወደ አንድ ዓምድ፤ በመጨረሻም ከማስታወቂያ የተረፈች ቀዳዳ ስትገኝ ብቻ የምትገባ፣ ከፖስታ ቴምብር እምብዛም የማትበልጥ ሆነች። በዚያ ስፋት ላይ የሰው ፊት እንጂ ሐሳብ መሣል አይቻልም። ሁለት ጊዜም ከሥዕሉ ሥር የጻፍሁት ቃል ሳልጠየቅ ተቀይሮ አየሁት፤ ሥዕሉ የእኔ፣ ትርጉሙ የሌላ ሰው ሆኖ። አልተባረርሁም፤ እንዲሁ ሥራዬ አልቆ ወጣሁ። ሎው የቦታውን ስፋት ሳያስከብር የሐሳብ ነጻነትን ብቻ አስጽፎ ቢሆን ኖሮ እንደኔው ቀስ በቀስ ይሟሟ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ አሣሣሉም ጥቂት ልበል። የዚያን ዘመን የጋዜጣ ሥዕል በፎቶግራፍ ወደ ዚንክ ሰሌዳ ተላልፎ፣ ሰሌዳው በአሲድ ተበልቶ የሚታተም ነበር። ሰሌዳው የሚያውቀው ጥቁርና ነጭን ብቻ ነው፤ ግራጫ ጥላ አይቀበልም፤ ወረቀቱም ርካሽና ቀለም የሚመጥ ስለሆነ ቀጭን መስመር ይደፈናል ወይም ይጠፋል። ሎው ይህን ጉድለት ጥበብ አደረገው። በብሩሽ የሚጥላቸው ወፋፍራም ጥቁር መስመሮችና ሰፊ ነጭ ባዶ ቦታዎች በአንድ ትንፋሽ የተሣሉ ይመስላሉ፤ በሥራው ያለፈ ሰው ግን ያ ቅልጥፍና የብዙ ሰዓት የእርሳስ ንድፍ ውጤት መሆኑን ያውቃል። ማታ ከሥራ ወጥቶ በባቡር ውስጥ ተጨናንቆ ለቆመ አንባቢ፣ ሥዕሉ በጨረፍታ መነበብ ነበረበት።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን አምባገነኖችን የሣለበትን መንገድ ነው። ሌሎች ሠዓሊዎች ሂትለርን ደም የተጨማለቀ ጭራቅ አድርገው ሲሥሉት፣ ሎው ግን አምባገነን እንዲህ ባለ ሥዕል አይከፋም፤ እንዲያውም አስፈሪ መባል ደስ ይለዋል ብሎ ያምን ነበር። አምባገነኑን በእውነት የሚጎዳው ሞኝ መሆኑ በሕዝብ ዘንድ መታወቁ ነው። ስለዚህ የሎው ሂትለር ትንሽ፣ ግንባሩ ላይ ጸጉር የወደቀበት፣ ራሱን የሚወድና በመስታወት ፊት የሚንጎራደድ የሚመስል ሰው ነው፤ ሙሶሊኒውም መንጋጭላውን አሹሎ ደረቱን የነፋ ጉረኛ። ጎብልስ ለሃሊፋክስ ያማረረበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ጭራቅን ይፈራል፤ በሞኝ ግን ይስቃል፤ የተሳቀበት ንጉሥ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይፈራም። እኛም ቤት አዝማሪ በአንድ ስንኝ መኳንንቱን ሲነካ ሰይፍ የማያደርሰውን ጉዳት ያደርስ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 4፦ ጉለሌ

ስለ ኮሎኔል ብሊምፕ ሳይነሳ ስለ ሎው ጽፎ መጨረስ አይገባም። በ1934 ሎው በለንደን አንድ የቱርክ መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ፈረሰኛ ጦር ወደ ታንክ ቢዘዋወርም መኮንኖቹ በታንክ ውስጥ ሆነው የጫማ መውጊያቸውን የማድረግ መብታቸው ሊጠበቅላቸው ይገባል ብለው በቁም ነገር ሲከራከሩ ሰማ። ከዚያ ፎጣ ያገለደመ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እንደ ባሕር እንስሳ የወረደ ሪዝ ያለው ጡረተኛ ኮሎኔል ተወለደ፤ በእንፋሎቱ መካከል ጣቱን እየቀሰረ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ራሱን የሚያፈርስ ሐሳብ ይናገራል። የኮሎኔሉ ስም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቶ ለግትር ወግ አጥባቂነት መጠሪያ ሆኗል። በ1943 በእሱ ስም ፊልም ሲሠራ ቸርችል የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብሎ ለማስቆም ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል። ለአንድ የጋዜጣ ሠዓሊ ከዚህ የሚበልጥ ምን ክብር አለ?

ጠያቂ፦ የታሪክ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምሳ ገበታው ታሪክና ስለ ቦታ ስፋት የተጻፈው ምስክርነት ከጠበቅሁት በላይ ናቸው፤ በተለይ «ብሩሽና ቀለም» ያሳለፉትን ሳነብ አዝኛለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ሎው ከኢቪኒንግ ስታንዳርድ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? ስለ አገራችን ጉዳይስ?

መልስ 5፦ የቀለም ጠብታ

በመጀመሪያ የሰሎሜን እርማት በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ።

ከ1949 መጨረሻ በኋላ ስላለው ዘመን የምናገረው አጭር ነው። ሎው ከቢቨርብሩክ ተለይቶ የሌበር ፓርቲ ደጋፊ ወደ ሆነው ዴይሊ ሄራልድ ገባ፤ በ1953 ደግሞ ወደ ማንቸስተር ጋርዲያን ተዛውሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ በዚያ ሠራ። በ1930ዎቹ የቀረበለትን የ«ሰር» ማዕረግ አልቀበልም ብሎ፣ በ1962 ግን ተቀብሎታል፤ በማግስቱ ዓመት በሴፕቴምበር ለንደን ውስጥ ዐረፈ። በእኔ ግምት ዴይሊ ሄራልድ ላይ የሣላቸው ሥዕሎች የቀድሞው ኃይል የላቸውም። በሐሳብ በሚስማማው ጋዜጣ ውስጥ ከጎረቤት ዓምድ ጋር የሚጋጭ ነገር አልነበረውም፤ በኢቪኒንግ ስታንዳርድ ግን ርዕሰ አንቀጹ አንድ ነገር ሲል፣ ሥዕሉ በዚያው ዕለት ተቃራኒውን ይናገር ነበር፤ አንባቢውም በሁለቱ መካከል ቆሞ ራሱ መፍረድ ነበረበት።

ሎው ለማን አድልቷል የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ከተነሳ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱን ጉባኤ እንኳ ግዙፍ፣ ቅን፣ ግን ዘገምተኛ የጋሪ ፈረስ አድርጎ እንደሣለው ይንገሯቸው። እሱ ራሱ ልቡ ከግራው ወገን ነበር።

መልስ 6፦ ሰሎሜ ከካንተርበሪ

ስለ ኢትዮጵያ የጠየቁትን እኔ ልሞክር። በምኖርበት ከተማ ያለው የኬንት ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ካርቱን ማኅደርን ይዟል፤ የሎው ሥራዎችም በውስጡ ይገኛሉ፤ በኢንተርኔትም መፈለግ ይቻላል።

ጉዳዩን ከ1935 መጀመር አይበቃም፤ ከጃንዋሪ 19 ቀን 1933 መጀመር ይሻላል። በዚያ ቀን የወጣው «የእግር ምንጣፉ» የተባለው ሥዕል፣ አንድ የጃፓን ወታደር የመንግሥታት ማኅበርን ደጃፍ ላይ እንደተነጠፈ ምንጣፍ ረግጦት ሲገባ፣ የማኅበሩ ሹማምንት ደግሞ እጅ ሲነሱት ያሳያል። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ጆን ሳይመን ተንበርክኮ የተረገጠውን ፊት ለማሳመር ዱቄት ይቀባዋል። ጃፓን የወረረቻትን የቻይና ግዛት ማንቹሪያን የሚመለከት ሥዕል ነው፤ ነገር ግን የጄኔቫን የማኅበር ቃል የታመነች ማንኛዋም አገር ምን እንደሚጠብቃት ከሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አስቀድሞ ተናግሯል።

የጣልያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ ይህም ኦክቶበር 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 4 ቀን፣ ሎው «ክዳኑን የከፈተው ሰው» በሚል ርዕስ ሙሶሊኒን ጦርነት የታሸገበትን ክዳን ሲያነሳ ሣለው። ይህን ያተመው ጋዜጣ ባለቤት ደግሞ የመንግሥታት ማኅበርን የማይወድ፣ በጣልያን ላይ ማዕቀብ መጣሉንም የሚቃወም ሰው እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ተማሪዎ ለጠየቀው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያን ዕለት ማታ በለንደን ጋዜጣውን የገዛ ሰው፣ ሥዕሉን ሲያይ የሮም መንግሥት «ሥልጣኔ ላደርስ ነው የሄድሁት» የሚለውን ሳይሆን፣ አንድ ሰው በገዛ እጁ የከፈተውን እሳት ነው ያየው።

ሦስተኛው ሥዕል ለእኔ እጅግ የሚያሳዝነው ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተሰበረው ቃል ተናገሩ። ከአራት ቀን በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ። ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 8 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.፣ ሎው «ወደ ክብር የሚያደርሱ መረማመጃዎች» የሚለውን ሥዕል አወጣ። ሂትለር አከርካሪ በሌላቸው የዴሞክራሲ መሪዎች ጎባጣ ጀርባ ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ጀርባዎች ላይ ጦር መሣሪያ መታጠቅ፣ ራይንላንድና ዳንዚግ የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል፤ የሚቀጥሉት ገና ስም ያልወጣላቸው የጥያቄ ምልክቶች ናቸው፤ ጫፉ ላይ የዓለሙ ሁሉ አለቃ የሚያደርገው ቦታ ይጠብቀዋል።

ይህን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። በዚያ ሳምንት የተሣለ ቢሆንም ኢትዮጵያ ከደረጃዎቹ በአንዱም ላይ አልተጻፈችም። የሂትለር መወጣጫ ስለሆነ ነው ሊባል ይችላል፤ ያም ልክ ነው። ነገር ግን የመሪዎቹ ጀርባ የጎበጠው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች፣ ያልተጻፈውን ስም ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ያነበዋል። ሎው ሆን ብሎ ነው የተወው ለማለት አልደፍርም። ለክፍልዎ ግን ሥዕሉን ያለ ቀን አያሳዩአቸው፤ ከጎኑ ሰኔ 23ን እና የማዕቀቡን ውሳኔ ይጻፉና ልጆቹ ራሳቸው ባዶውን ጀርባ ይፈልጉት።

አንድ የመጨረሻ ዝርዝር፦ ናዚዎች ብሪታንያን ቢይዙ ወዲያውኑ ሊያስሯቸው ያዘጋጁት የስም ዝርዝር ከጦርነቱ በኋላ ሲገኝ የሎው ስም በውስጡ ነበር። ሎው በ1946 የናዚ መሪዎች ወደተዳኙባት የጀርመን ከተማ ኑረምበርግ ሄዶ፣ በተከሳሾች ሣጥን የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ለፊት እያየ ሥሏቸዋል።